መጥረቢያ ከመነሣቱ በፊት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ ጸጥ ያለ የራሱ ስፍራ ነው። ባለጸጋው ይሁን ድኻው፣ ሹሙ ይሁን ነጋዴው፣ በልቡ ውስጥ አንዲት የተሰወረች ጎጆ አለችው። የአንዱ ጎጆ በተራራ ራስ ላይ ናት፤ የሌላው ከወንዝ ማዶ ናት፤ የብዙዎቹ ግን በሐይቅ ዳር፣ በዛፍ ጥላ ሥር ናት። ይህ ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። ሥራ ያደከመው ሰው ውሃ እያየ ቢያርፍ፣ የወፍ ድምፅ እየሰማ ቢነቃ፣ ጤናውንም አሳቡንም ያድሳል።

ዳሩ ግን የሰው ጠባይ በደንብ የሚገለጠው የተመኘውን ባገኘ ጊዜ ነው። በምኞት ሳለ ሁሉም ዛፍ ወዳድ ነው፤ መሬቱን በእጁ ባስገባ ማግሥት ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው መጥረቢያ ነው። ለጥላው ሲል የመጣበትን ዛፍ ይቆርጣል፤ ለጸጥታው ሲል የመጣበትን ስፍራ በሞተር ጩኸት ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ በባዶው ግቢ መካከል ቆሞ የፀሐዩን ትኩሳት ያማርራል። አባቶቻችን «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት እንዲህ ላለው ሰው ነው።

እናንተ ወጣት አንባቢዎች፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ዛሬ መሬት የላችሁም ይሆናል። ቢሆንም ሰው ሁሉ አንድ ቀን አንድ ነገር ይረከባል። ቤት ወይም ሥልጣን፣ መሥሪያ ቤት ወይም ቤተ ሰብ፣ ከእርሱ በፊት የነበረና ከእርሱ በኋላም የሚኖር ነገር በእጁ ይገባል። ያን ጊዜ ምን መቁረጥ፣ ምን መተው እንደሚገባው ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዓይኔ ካየሁት ከአንድ ጉዳይ ተነሥቼ ይህን ነገር ላጫውታችሁ ወደድሁ።

አጎቴ ሠላሳ ሁለት ዓመት በመምህርነት አገልግለው በ2002 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከደመወዛቸው እየቆነጠሩ ያኖሩት ጥቂት ገንዘብ ነበራቸው፤ ባለቤታቸውም ከእናታቸው የወረሱትን ቤት ሸጠው ጨመሩበት። የሁለቱም ምኞት በቢሾፍቱ ከሐይቆቹ በአንዱ ዳር ትንሽ ቤት ሠርተው የቀረውን ዕድሜያቸውን እዚያ ማሳለፍ ነበር። እኔ የመሬት ልኬት ሥራ ስለምሠራ «ሜትርህን ይዘህ ና፤ ዓይንህን ግን አትርሳ» ብለው አስጠሩኝ። ልጃቸውም አብሮን ይሄድ ነበር። እርሱ ብርቱና ቅን ወጣት ነው፤ ነገር ግን ሁሉ ነገር በዛሬው ቀን እንዲያልቅለት ይወዳል።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ደብረ ዘይት እያለ የሚጠራት ከተማ ናት። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ቢሾፍቱ የሚባሉት ሐይቆች በዙሪያዋ አሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በቆፈረው ጎድጓዳ ስፍራ ውሃ ተጠራቅሞባቸው የተፈጠሩ ናቸው። በዚህ ምክንያት ዳራቸው እንደ ሰሐን ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፤ ጥልቀታቸውም ከስፋታቸው ጋር ሲመዛዘን እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የባቦጋያ ውሃ በጥልቁ በኩል ከ60 ሜትር ያልፋል። ከእነዚህም ጎድጓዳ ሐይቆች ተነሥቶ የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህን ነገር ልብ አድርጉት፤ ወደ ሐይቁ የወረደ አፈር፣ ሳሙና ወይም የመጸዳጃ እድፍ የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም ማለት ነው። በሐይቁ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያፈሰውን ሁሉ የሚያፈሰው በራሱ እንሥራ ውስጥ ነው።

ደላላው ሦስት ይዞታዎች አሳየን። የመጀመሪያው ከውሃው ጋር ተካክሎ የተኛ ሜዳ ነበረ። አንድ ዛፍ እንኳ አልነበረበትም፤ ሣሩ ታጭዶ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ ለሠርግ ድንኳን የተሰናዳ ይመስል ነበር። ደላላውም «ጋሼ፣ ነገ መሠረት መጣል ይቻላል» እያለ አሞገሰው። አጎቴ ግን ወደ ዳሩ ወርደው ድንጋዮቹን ይመረምሩ ጀመር። በድንጋዮቹ ላይ ከውሃው ከፍ ብሎ ነጭ መስመር ተሥሎባቸው ነበር። «ሐይቁ እስከዚህ መጥቶ ያውቃል?» ብለው ጠየቁት። ደላላው ሣቀና «ሐይቅ እግር የለውም፣ ጋሼ» አላቸው። እርሳቸውም «እግር ባይኖረው ማስታወሻውን ጽፎ ሄዷል» ብለው መስመሩን በጣታቸው አሳዩት።

ሁለተኛው ይዞታ ባሕር ዛፍ የሞላበት ዳገት ነበረ። ባሕር ዛፍን መስደብ ዛሬ የተለመደ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ዘሩ ከባዕድ አገር መጥቶ ባይተከል ኖሮ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ትቸገር እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ብዙ ተቺ ቤቱን ያቆመው በእርሱ ማገር ነው። ሆኖም በዚያ ዳገት ላይ ከዛፎቹ ሥር ሣር አልነበረም፤ ቅጠሉ እንደ ደረቀ ቆዳ ተነጥፎ፣ አፈሩ በየቦታው ተሸርሽሮ፣ ሥሩ ወጥቶ ይታይ ነበር። እኔም ዳገቱን ለካሁትና ቤት ለማቆም ብዙ መቁረጥና ብዙ መደልደል እንደሚያስፈልግ ነገርኋቸው። ተራራ ቆርጦ ቤት መሥራት ከጡረተኛ ገንዘብ በላይ ነው፤ ዳገቱም አንዴ ከተነካ ዝም ብሎ አይተኛም።

ሦስተኛውን ደላላው ለማሳየት ያፍር ነበር። «ጫካ ነው፤ የሚፈልገው ሰው አልተገኘም» አለን። ከመንገዱ በኩል ቀንጠፋና የወፍ ቆሎ እንደ ግንብ ዘግተውት ነበር። ጎንበስ ብለን በአንዲት ቀዳዳ ስንገባ ግን ሌላ ዓለም ሆነብን። ወይራው፣ ግራሩ፣ ብሳናው እየተደጋገፉ ቆመዋል፤ ከዳሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ዋርካ ክንዱን ወደ ውሃው ዘርግቷል፤ በመካከሉም ጣራው የወደቀ ያረጀ ቤት የድንጋይ መሠረቱ ብቻ ቀርቶ ይታያል። ከዚያም አልፎ አንድ የእግር መንገድ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። አጎቴ ምንም አልተናገሩም፤ ባርኔጣቸውን ብቻ አወለቁ።

ይሁንና ልባቸው ስለ ወደደው ወዲያው ገንዘብ አልቆጠሩም። ወጣቶች ሆይ፣ የመሬት አመራረጣቸውን ከእርሳቸው ብትማሩ ለሌላም ነገር ይጠቅማችኋል። በነሐሴ ዝናብ ጃንጥላ ይዘው ሄዱና ጎርፉ በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ አዩ። በጥር ሄደው ፀሐይ በየትኛው ዛፍ በኩል እንደምትወጣና እንደምትጠልቅ አዩ። በየካቲት ነፋስ ሄደው የትኛው ዛፍ ሥሩ እንደ ላላ፣ የትኛው እንደ ጸና ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ የአካባቢውን ሰዎች ጠየቁ፤ ውሃው በበጋ ምን ያህል ይወርዳል፣ ማዕበል ያነሣል ወይ፣ በብርድ ወራት ዓሣ ይሞታል ወይ አሉ። በእንዲህ ያሉ ጥልቅ ሐይቆች ሌሊቱ ሲበርድ የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይሰምጣል፣ የታችኛውም አየር ያነሰው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ዳሩ በሞተ ዓሣ ተሞልቶ ሲያገኘው ይደነግጣል፤ ያወቀ ግን ይታገሣል። ስፍራን በአንድ ቀን መልካም ገጹ መምረጥ ሙሽራን በሠርጓ ቀን ልብስ መምረጥ ነው።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ትልቁ ክርክር መጣ። ልጃቸው የሞተር መጋዝ ያላቸውን ሦስት ሠራተኞች በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ይዞ ደረሰ። አሳቡ ከመንገዱ እስከ ውሃው ድረስ ሁሉን መንጥሮ ሣር መዝራትና በአራት ማዕዘኑ ጥቂት የአበባ ዛፎች መትከል ነበር። «አባባ፣ ሐይቁን ካላየነው በሐይቅ ዳር መኖራችን ምን ይጠቅማል?» አለ። ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም። አጎቴም አልናቁትም። የሠራተኞቹን የቀን ዋጋ ከፍለው ካሰናበቱ በኋላ «አንድ ወር ስጠኝ፤ ከአንድ ወር በኋላ አንተ የምትለውን ዛፍ ሁሉ እኔው እቆርጥልሃለሁ» አሉት።

በዚያ ወር ያደረጉት እንዲህ ነው። አንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይዘው በግቢው ውስጥ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ይቀመጡ ነበር፤ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ። የት ጥላ እንዳለ፣ የት ነፋስ እንደሚገባ፣ ውሃው በየትኛው ቅርንጫፍ ሥር እንደሚታይ በደብተራቸው ይጽፉ ነበር። ከአሮጌ አንሶላ ነጭና ቀይ ጨርቅ ቀድደው፣ የሚቀረውን ዛፍ ነጭ፣ የሚቆረጠውን ቀይ አሰሩበት። የተጠራጠሩበትን ዛፍ ግን ሁለቱንም ጨርቅ አስረው ለሌላ ሳምንት ያቆዩት ነበር። ባለቤታቸው በሣቅ «ዛፉ ሁሉ ለጥምቀት ወጣ» ይሉ ነበር።

በወሩ መጨረሻ የተጀመረው ምንጣሮ ከእሾሁ ነው። የወፍ ቆሎ ከባዕድ አገር የመጣ፣ ሌላውን ቡቃያ የሚያፍን ቁጥቋጦ ስለ ሆነ ከነሥሩ በዶማ ተነቀለ። ቀንጠፋን መመንጠር ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከመካከሉ የጀመረ ሰው በእሾህ ተይዞ ይቀራል፤ ከዳር ጀምሮ፣ ግንዱን ከሥሩ በገጀራ ቆርጦ፣ ሐረጉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ትቶት፣ ከዚያ በመንሽ መጎተት ነው። ይህን ያስተማረን የስፍራው ጠባቂ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እሾሁ ተነሥቶ ሲታይ ከሥሩ ሰባት የወይራ ችግኞች ተገኙ፤ ክፉው ቀንጠፋ ከፍየል አፍ ጠብቆ አሳድጓቸው ነበር። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ ዝም አለ። መጋዙ በዚያ ቅዳሜ ቢገባ ኖሮ እነዚያን ሰባት ችግኞች ያያቸው ሰው ባልኖረ ነበር። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ የወተት ዕቃ የምናጥንበት፣ ምሰሶ የምናደርገው ወይራ ሁሉ የአንድ ሰው ዕድሜ የፈጀ ነው።

ቀጥሎ የደረቁት፣ የታመሙትና ወደ ቤቱ መሠረት ያዘነበሉት ተቆረጡ። ዛፍ ሲቆረጥ በሚወድቅበት በኩል አስቀድሞ ጥልቅ ቁርጥ ይደረግበታል፤ ከጀርባው ከፍ ብሎ ይጋዛል፤ ገመዱም ከላይ ታስሮ በሩቅ ይያዛል። ሦስት ባሕር ዛፎች በዚህ ዓይነት ወደቁ። ጉቷቸው ግን በየጊዜው ያቆጠቁጥ ስለ ነበረ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀንበጡን መልቀም አስፈልጓል። ከውሃው ዳር ያለው ዛፍ ግን አንድም አልተነካም። ዳገታማውን ዳር የያዘው ሥሩ ነው፤ የዝናቡንም ጉልበት የሚሰብረው ቅጠሉና ከሥሩ የተነጠፈው ብስባሽ ነው።

ስለ ሐይቁ እይታም መፍትሔ ተገኘ። የዋርካውና የግራሮቹ የታችኛው ቅርንጫፎች ብቻ ተከረከሙ፤ ግንዶቹ እንደ ምሰሶ፣ የላይኛው ቅጠል እንደ ጣራ ሆኖ በመካከላቸው ውሃው ተገለጠ። ከደጁ ስትቀመጡ ሐይቁ በሦስት መስኮቶች ይታያችኋል። ወደ ውሃው የሚወርደውም መንገድ እንደ ድሮው ጠማማ ሆኖ ቀረ፤ በዳገት ላይ ቀጥ ብሎ የወረደ መንገድ በአንድ ክረምት የጎርፍ ቦይ ይሆናልና። ልጁ እስከ ዛሬ «መስኮቱ ትንሽ ሊሰፋ ይገባ ነበር» ይላል። በዚህ ነገር አባትና ልጅ አልተስማሙም፤ ሁሉ ነገር በስምምነት አለቀ ብዬ ልዋሽ አልወድም።

ቤቱ የተሠራው በአሮጌው መሠረት ላይ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ሰፊ በረንዳ። ልጁ አራት ክፍል እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ነገር ግን አራት ክፍል ለማግባት ሁለት ትልልቅ ወይራዎች መውደቅ ነበረባቸው፤ አጎቴም ዛፉን በቤቱ ልክ ከመቁረጥ ቤቱን በዛፉ ልክ መሥራት መረጡ። የመጸዳጃውንም ጉድጓድ ከሐይቁ አርቀው ከቤቱ ጀርባ በመንገዱ በኩል አስቆፈሩት።

በዚህ አሳብ አጎቴ ብቸኛ አይደሉም። በአሜሪካ አገር ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የሚባል ጸሐፊ በ1845 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዋልደን በተባለ ኩሬ ዳር፣ በወዳጁ በኤመርሰን መሬት ላይ ጎጆ ሠርቶ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ኖሯል። የጎጆው ስፋት 3 ሜትር በ4 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ዛፍ የቆረጠበትን መጥረቢያ ከሰው ተውሶ ነበርና፣ ሲመልስ ከተቀበለው ይልቅ ስለቱን አሳምሮ እንደ መለሰው በመጽሐፉ ጽፏል። ከመጽሐፉ ሁሉ ይህች አነስተኛ ነገር ለእኔ ትበልጥብኛለች። የተዋስነውን ከተቀበልነው አሻሽለን መመለስ ትልቅ ሕግ ነው።

መሬትስ ብድር አይደለም ወይ? በአገራችን የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ የከተማው ደግሞ በዚያው ዓመት በሐምሌ በወጡት አዋጆች የሕዝብና የመንግሥት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጹ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ወሰነ። ይህ ሕግ ለልማት ይበጃል አይበጅም የሚለው የሊቃውንት ክርክር ነው፤ እኔ እዚህ አልገባበትም። ነገር ግን ለኅሊና የሚሰጠው ትምህርት ግልጥ ነው። ካርታው በእጃችሁ ቢሆንም «የእኔ» የምትሉት ነገር ወሰኑ ዘመን ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ ሞት ያንኑ አዋጅ ያውጃል።

አሁን ከሁሉ የከበደውን ነገር ልንገራችሁ። ያ በዛፎቹ መካከል የሚወርደው የእግር መንገድ የመንደሩ ሰው ውሃ የሚቀዳበት፣ አህያና ከብት የሚጠጣበት መንገድ ነበረ። አጥር በሚታጠርበት ቀን ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው መጡና ችካሉንና ሽቦውን ሲያዩ ምንም ሳይናገሩ ቆሙ። ልጁ ካርታውን ዘርግቶ አሳየን፤ መንገዱ በእርግጥ በይዞታው ወሰን ውስጥ ነው። እኔም የለካሁት ራሴ ስለ ሆንሁ ይህን መካድ አልቻልሁም። አጎቴ ወደ ጠባቂው ሽማግሌ ዞረው «ይህ መንገድ ከመቼ ጀምሮ አለ?» ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌውም «እናቴ በዚህ ትቀዳ ነበር፤ የእርስዋ እናትም በዚህ ትቀዳ ነበር» አሉ። አጎቴ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ካርታው ከመሣሉ በፊት መንገዱ ነበረ» ብለው አጥሩ አራት ሜትር ወደ ውስጥ እንዲገባ አዘዙ። በዚያ አራት ሜትር ውስጥ ባለቤታቸው ለጓሮ አትክልት ያሰቡት ከሁሉ የለማ አፈር ነበረበት።

ይህ ደግነት ያለ ዋጋ አልሆነም። በበዓል ቀን ጩኸት ነበረ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ በየቁጥቋጦው ሥር ይጣል ነበር፤ አንድ ቀን ፍየል ገብታ ከሰባቱ የወይራ ችግኞች ሁለቱን በላች። ልብስ የሚያጥቡት ሰዎች ሳሙናውን ወደ ሐይቁ ይለቁት ስለ ነበረ የአጎቴ ባለቤት ተቆጥተው ሊከለክሏቸው ወረዱ። ከሴቶቹ አንዷ ግን «እትዬ፣ ከውሃው ራቅ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስጡን፤ እዚያ እናጥባለን» አለቻቸው። ድንጋዩ ከአሮጌው ፍራሽ ተገኘ፤ የሚያጥቡበትም ውሃ በሣር ውስጥ የሚሰርግበት ጉድጓድ ተቆፈረ። ብዙ ጠብ የሚነሣው አጥፊው ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ሌላ አማራጭ ስላላየ መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ።

ከእነርሱ በላይ በኩል ያለው ጎረቤት ግን በዚያው ዓመት ግቢውን እስከ ውሃው ድረስ አስመንጥሮ ነበር። እይታው በእውነት ያማረ ነበር፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቅ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ግን ጎርፉ ከበረንዳው ሥር ጀምሮ ሰው የሚያስቆም ቦይ ቆፈረ፤ ቀይ አፈሩ ወደ ሐይቁ ወርዶ ውሃው ለቀናት ደፈረሰ። አጎቴ ያን ጊዜ «ብዬ ነበር» አላሉም። ድንጋይ እንዴት እንደሚካብ፣ እርከኑ በየስንት ሜትር እንደሚሆን ለመለካት እኔን ላኩኝ፤ ከራሳቸውም ግቢ ችግኝ አንሥተው ሰጡት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላልና፣ የጎረቤት ዳገት ሲናድ የእኛም ውሃ ይደፈርሳል።

ይህ ነገር በአንድ ግቢ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ በአገር ሲታይ ግን ትልቅ ነው። በሐረርጌ የነበረውን የሐረማያን ሐይቅ አስቡ። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ ነበር፤ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች ለጫትና ለአትክልት በሞተር ይስቡት ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታም አፈር ይወርድበት ነበር። በ1990ዎቹ ማለቂያ ገደማ ጨርሶ ደረቀና ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። በኋለኞቹ ዓመታት ውሃው በከፊል ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ ሐይቅ የሚያህል ነገር በአንድ ትውልድ ዓይን ፊት ሊጠፋ እንደሚችል አስተምሮናል። እያንዳንዱ ሰው የወሰደው ጥቂት ነበር። ሐይቁን የጨረሰው የጥቂቱ ድምር ነው።

በጣና ሐይቅ ደቡብ ዳር የሚገኘውን የዘጌን ደንም አስቡ። በአካባቢው በሚነገረው ታሪክ አቡነ በትረ ማርያም በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ እንዲቀር፣ ሕዝቡም በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲኖር ሥርዓት ሠርተዋል። በዚህ ሥርዓት ምክንያት በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ታርሶ ሳለ ዘጌ በደን ተሸፍኖ ቆየ፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይለቀማል፤ ገዳማቱም በደኑ መካከል ተጠብቀው ይኖራሉ። በዛሬ ዘመን የማገዶ ፍላጎትና የኑሮ ችግር ይህን ደን ፈትነውታል። ሆኖም በሐይቅ ዳር የሚኖር ሕዝብ ደኑን ሳይጨርስ በደኑ ሊኖር እንደሚችል ምስክሩ ቆሞ ይታያል።

አጎቴ በዚያች ጎጆ የኖሩት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ሕመማቸው በጸና ጊዜ አልጋቸውን ወደ በረንዳው አስወጥተው በዋርካው ሥር ውሃውን እያዩ ይተኙ ነበር፤ ከሐኪም ቤት ይልቅ እዚያ ጥቂት እንቅልፍ ያገኙ ነበር። ካረፉ በኋላ አንድ ባለ ገንዘብ መጥቶ ለእንግዶች ማረፊያ የሚሆን ሕንፃ ሊሠራበት ለወራሾቹ ከፍ ያለ ዋጋ አቀረበ። ዛፉም መንገዱም እንደማይቀር ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ዛሬ ራሱ ሦስት ልጆች ያሉት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የከበደው ሰው ነው፤ እናቱም አርጅተዋል። ዋጋው የቀረበለት ሰነፍ ወይም ስስታም ስለ ሆነ አይደለም የሚጨነቀው። ባለፈው ክረምት አብረን ሄደን ሳለ ከአምስቱ ወይራዎች አንዱ ቁመቱ ከእርሱ እንደ በለጠ አየና እጁን በግንዱ ላይ አድርጎ ቆመ። ምን እንደ ወሰነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሰውን ስለ ዛፍ ብዬ በልጆቹ እንጀራ ልፈርድበት አይገባኝም። የምናገረው ይህን ብቻ ነው፤ የሚወስነው ነገር ያለው አባቱ ስለ ተዉለት ነው። ግቢው በዚያ ቅዳሜ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚመርጠው ነገር ባልነበረው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ መሬትም ይሁን ሌላ ነገር በተረከባችሁ ጊዜ እነዚህን አስቡ። የምትረከቡትን ስፍራ በክረምቱም በበጋውም እዩት። ከእናንተ በፊት የነበሩትን ሰዎች ጠይቁ፤ የእግራቸውንም መንገድ በካርታ አትሰርዙ። እሾሁን ከዳር ጀምራችሁ አንሡ፤ ከእሾሁ ሥር ግን የሚጠበቅ ችግኝ እንዳለ ፈልጉ። የሚቆረጠውን ቁረጡ፤ ምንም የማይቆርጥ ሰው ቤት አይሠራም፤ በጫካ ሲታነቅ ይኖራልና። ነገር ግን የቆማችሁበትን ዳገት የያዘውን ሥር አትንኩ። የተጠራጠራችሁበትንም ዛፍ ሁለት ጨርቅ አስራችሁለት ለሌላ ሳምንት አቆዩት። የተቆረጠ ዛፍ ተመልሶ አይቀጠልም፤ ያልተቆረጠውን ግን ነገም መቁረጥ ይቻላል።